ዋልታ ላይ ጉብ ያለው ዳይኖሰር

ትናንት ጣሪያችንን የሚያድሰው አናጢ «ዋልታውን አቀብሉኝ!» ብሎ ሲጮህ፣ አዲስ የተላጠ የባሕር ዛፍ ሽታም አፍንጫዬን ሲሞላው፣ ደሜ ፈላ። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ፊቱ ይፈካል፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል።

አሰላ ሦስተኛ ክፍል ሳለን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር ነበረን። የብቅል ፋብሪካው ሽታ በመስኮት እየገባ፣ እሱ መጽሔት ዘርግቶ «በደቡብ ዋልታ የኖረ፣ ቅጠል የሚበላ፣ ከፍየል የማይበልጥ ዳይኖሰር» ብሎ አነበበልንና «በሉ ሳሉት» አለን። ዋልታ የምድር ጫፍ መሆኑን የነገረን የለም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሞሚና ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋን የለቀመችው ቤት ሠሪ የሆኑት አባቷ ከሚያሠሯቸው አናጢዎች ነበር። ለእሷ ዋልታ ጣሪያ የሚሸከመው እንጨት ነው፤ ደግሞም ነው! እናም እርሳሷን በምራቋ እያራሰች፣ እንጨት ላይ ጉብ ብሎ፣ ጅራቱን አንጠልጥሎ የሣር ክዳኑን የሚግጥ ዳይኖሰር ሳለች፤ ዓይኖቹን ስኒ የሚያካክሉ አደረገቻቸው። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። «ዓይኑ ምነው?» ስላት፣ «ጣሪያ ሥር ይጨልማል እኮ፤ በምን ይይ?» አለችኝ።

መምህሩ ወረቀቱን ለክፍሉ ከፍ አድርጎ አሳየና «ይቺ ደደብ ዳይኖሰሩን እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ሰቀለችው!» ብሎ ቀደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ዳይኖሰር» ሆኖ ቀረ፤ በጋሪ ማቆሚያው ስታልፍ እንኳ በዚያው ይጠሯት ነበር። እናቷ ቢለምኑ፣ አባቷ ቢቆጡ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም እንዳለች ቀረች። አንዲት ቃል ማስረዳት ምን ያደክመው ነበር? እጁን ይቁረጠውና!

ከምሳ በኋላ ልጄ ያንን ዳይኖሰር ስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘችልኝ። ክረምቱን ፀሐይ በማትወጣበት አገር ይኖር ነበር አሉ፤ ዓይኑም የተለቀው በጨለማ እንዲያይ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እርር ድብን አልኩ። ሥዕሉን ሳጉሬ እህል ለምትነግደው ሞሚና ላኩላት፤ ከሥሩም «ልክ ነበርሽ» ብዬ ጻፍኩ።

ወዲያው ደወለች። «ወላሂ ዓይኑን አየሁት! ይጨልማል አላልኩሽም?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ቀጥላም፣ «ከሥሩ ግን ምንድነው የጻፍሽው? ፊደሉ ከጠፋኝ ቆየ እኮ፤ ልጆቹ እስኪመጡ ማን ያንብብልኝ?» አለችኝ።