እስክንድርያ ደርሶ የተመለሰ ጋቢ

እስክንድርያን በዓይኔ ከማየቴ በፊት አውቃት ነበር። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ በነበረው ግቢያችን፣ ግድግዳ የሚጋሩን፣ እኔ እትዬ የምላቸው አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መርካቶ ውስጥ ፈትል እየሸጡ ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ምጽዋ ወርዶ፣ መርከብ ላይ ተቀጥሮ፣ በመጨረሻ እስክንድርያ ጋራዥ ገባ። የሚልካቸውን ፖስት ካርዶች የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። በአንዱ የባሕር ምሽግ፣ በሌላው ቀይ የድንጋይ ዓምድ ይታያል። ከጀርባው ግን ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ።»

ከዚያ ካርዱ ቀረ። ዓመት አለፈ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የታሪክ ተማሪዎችን ለጉብኝት ወደ ግብፅ ወሰዱን። የመነሻዬ ዕለት እትዬ ራሳቸው የፈተሉትን ጋቢ አስታቀፉኝ።

«በእጁ ስጪው። በሰው እጅ አይደለም፣ በእጁ! አደራ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ጋራዡን ያገኘሁት ከወደቡ ጀርባ ነው። ከምጽዋ አብሮት የመጣ ጓደኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። የማን ጎረቤት እንደሆንኩ ስነግረው ጨርቁን መሬት ጣለው።

«ባለፈው የብርድ ወራት ሳንባውን ታሞ ሞተ። ልጽፍላቸው ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ። ግን ሞት በወረቀት ይነገራል?»

መቃብሩ ድረስ ወሰደኝ። ስም የለውም፣ አንድ ነጭ ድንጋይ ብቻ።

«ጋቢውን ተዪልኝ፤ ለድሃ ሰደቃ እሰጥለታለሁ» አለኝ።

«በእጁ ተብያለሁ» አልኩት። ይህን ስል ሞኝነቴ ይታወቀኝ ነበር። ግን የሰው አደራ ለሌላ ሰው መስጠት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ጓደኞቼን ተቀላቅዬ ቲኬት እየተቆረጠ ወደሚጎበኝ ሌላ መቃብር ወረድኩ። ደረጃው እየተጠማዘዘ ከመሬት በታች ይገባል፤ በሩ ላይ የድንጋይ እባቦች አሉ። አስጎብኚው ቦታው የተገኘው አህያ ወድቃበት ነው ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔ ጋቢውን በቦርሳ ይዤ የሚለውን ሁሉ ጻፍኩ። በማግስቱም ምሽጉ ውስጥ ስንዞር፣ ከወደቀው የጥንት የባሕር መብራት ማማ ድንጋይ እንደተሠራ ጻፍኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

ረቡዕ ጠዋት ከግብፅ ተመልሼ ቤት እንደገባሁ ለአባቴ ነገርኩት። ቆሞ ነበር፣ ተቀመጠ።

«ወንድሟ ከደሴ ይምጣ። አርብ ሱብሂ ሰግደን ከሽማግሌዎች ጋር መርዶውን እንነግራለን። እስከዚያ አንቺ ምንም አልሰማሽም።»

አባቴ እንደወጣ እትዬ ካርዶቹን የሚያኖሩበትን የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ።

«ጠቁረሽ መጣሽ! ባሕሩ ፀሐይ ነው የሚያጠጣው?»

ፈገግ ለማለት ሞከርኩ።

«ያችን ትንሽ አፍሽንም እዚያው ጣልሻት? እስቲ ተናገሪ!» ብለው ካርዶቹን አልጋው ላይ ዘረጉ። «ይሄን አየሽው?»

«አየሁት፣ እትዬ። ምሽጉ ነው። ሞገዱ እግሩ ሥር ይመታል።»

«ልጄስ?»

«ጋራዡ ሄጄ ነበር… ከምጽዋ አብሮት የሄደውን ጓደኛውን አገኘሁት።»

«ጓደኛውን ለራሱ እናት ተዪው። ልጄን ነው የምልሽ።»

«አዲስ ካርድ አምጥቼልዎታለሁ» አልኩና ሻንጣውን ከፈትኩ። ጠንቃቃ ነሽ እባል ነበር፤ አዲሶቹን ካርዶች የት እንዳስቀመጥኩ ግን ረሳሁ። ከጋቢው ሥር ነበሩ።

እትዬ እጃቸውን ሰድደው ጋቢውን አወጡ። እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«የእኔው ሳጥን ይሸታል» አሉ ቀስ ብለው።

ከውጭ የአንድ ኩሊ «ዞር በል! ዞር በል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

«አርብ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ጋቢውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«አባትሽ እንዳይቆጣሽ። እኔም እስከ አርብ አልሰማሁም።» የዓምዱን ካርድ አነሱ። «ቀጥይ። ይሄ ስንት ሰው ይሆናል ቁመቱ?»

ነገርኳቸው። ስለ ዓምዱ፣ በባሕሩ ዳር ስለሚሄደው ነጭ መንገድ፣ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ። ከመሬት በታች ያየሁትን ዘለልኩት። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ካርዶቹን ሰብስበው፣ ጋቢውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ።

አርብ ጎህ ሲቀድ አባቴ፣ ወንድማቸውና ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ደጃቸው ተጠርጎ፣ ለለቅሶ እንደሚደረገው አግዳሚዎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ነበር። አባቴ አግዳሚዎቹን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ትልቁ ሽማግሌ ገና «እንግዲህ የአላህ ሥራ…» ሲሉ እትዬ ጮኹ። በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ሁለት ሌሊት ጆሮዬን ሰጥቼ የጠበቅሁት ጩኸት ነበር።