በአምስት ብር የወሰድኩት ደንበኛ

ከአጥሩ ወዲያ ባለችው ልጅ የምቀናው በላሟ ብቻ አልነበረም። ግን ከላሟ ልጀምር፤ በላም መቅናት ቢያንስ ምክንያት አለው።

ጎባ ውስጥ የእኛንና የእነሱን ግቢ የሚለየው የባሕር ዛፍ እንጨት አጥር ነው። አብረን ተማርን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አብረን ተፈተንን፣ አብረን ወደቅን። እስከዚያ ድረስ እኩል ነበርን። ከዚያ እናቴ ያለችንን አንዲት ዳለቻ ላም «በይ እንግዲህ እሷን አስተዳድሪ» ብላ ለእኔ ተወችልኝ፤ የእነሱ ቤት ደግሞ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ዲቃላ ገዝቶ ለእሷ ሰጣት። የእኔዋ ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ ጠብታ አትለቅም። ጠዋትና ማታ ተደምሮ አምስት ሊትር ከሰጠች ቤታችን በዓል ነው። የእሷዋ፣ ጥጃ ኖረ አልኖረ፣ ደንታ የላትም፤ አንድ ባልዲ ሞልታ ሌላ ታስመጣለች። እኔ አልቤ ጨርሼ እጄን ስታጠብ የእሷ ወተት ባልዲው ውስጥ ሲንፏፏ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ያንን ድምፅ ላለመስማት ስልኬን ከፍቼ ዘፈን አስጮኽ ነበር።

ወንድሟ ደግሞ ሮቤ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ስንዴው ሲፈጭ የሚወጣውን ፉርሽካ ለሠራተኛ በሚሸጥበት ዋጋ በኬሻ በኬሻ ያመጣላታል። እኔ ያንኑ ፉርሽካ ከነጋዴ ነው የምገዛው፣ ያውም ተለምኖ። ከሮቤ ወጥታችሁ በየትኛውም በኩል ብትሄዱ ዓይናችሁ እስኪደክም ስንዴ ነው። እኔ ግን የስንዴ ቅርፊት ብርቅ ሆኖብኝ ከነጋዴ ፊት እቆማለሁ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ሁዳዴን ነው።

ወተት የሚወስዱልኝ አንድ አስተማሪ፣ ሁለት የመሥሪያ ቤት ሰዎችና ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያሉ ሁለት እናቶች ነበሩ። ሁሉም ክርስቲያን። ጾሙ ሊገባ ሲል በየተራ «እንግዲህ ለፋሲካ ያድርሰን» አሉኝና ጠርሙሳቸውን ይዘው ሄዱ። በዚያ ዓመት ረመዳንም አብሮ ገባ። የጎረቤቴ ደንበኞች ሙስሊሞች ናቸው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እያንዳንዱ ቤት ወተት ይፈልጋል። በር ላይ «ኢንታሎ፣ ማሎ አንድ ሊትር ጨምሪልኝ!» እያሉ ሲለምኗት እሰማለሁ። ኢንታሎ ልጅቱ፣ ማሎ ደግሞ እባክሽ ማለት ነው። እኔን «እባክሽ» ያለኝ ደንበኛ ኖሮ አያውቅም። የእነሱ ጾም ወተት ያስወድዳል፣ የእኛ ጾም ወተት ያረክሳል፤ ፈጣሪም ለእሷ አደላ ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት እየጾምኩ ነው። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም።

እናቴ የማይሸጠውን ወተት ትንጠዋለች፣ ቅቤውን ለፋሲካ ታስቀምጣለች። ቅቤ ደግሞ የዚህን ሳምንት ፉርሽካ አይገዛም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለች።

«ስሚ፣ ላሟ የራሷን መኖ መቻል አለባት። ካልቻለች ከሆሳዕና በፊት ባለው ገበያ ትወጣለች። ለፋሲካ ከብት ውድ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ዞር ብሎ ያያታል?»

«እኔስ ምን ልሠራ?»

«አንቺን ለገበያ አላወጣሁሽ፣ ምን ያስደነግጥሻል?»

የሚያስደነግጠኝን አሳምራ ታውቃለች። ያቺ ላም ከተሸጠች እኔ የእናቴ ቤት ጠራጊ ነኝ። ላሟ እያለች ግን ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ የምመልሰው አለኝ።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። የፈረንጅ አገር ገበሬዎች የወተት ዋጋ ወደቀ ብለው ተቆጥተው በቦቴ የመጣ ወተት አስፋልት ላይ ይደፋሉ። ነጭ ወንዝ። ሌላ ሰው ቢያዝንላቸው ያዝን ይሆናል፤ እኔ ግን ቀናሁባቸው። ወተት የሚደፋ ሰው ጀርባው ምን ያህል ቢደገፍ ነው? እኔ ብደፋ ሰፈሩ ጸበል ነበር የሚወስደኝ።

የጎረቤቴ ዋነኛ ደንበኛ ሮቤ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለ ካፌ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ትልክለታለች። በስንት እንደምታስረክበው በአጥሩ በኩል ራሷ ነግራኛለች፤ ደብቂ ያላት የለም። ጾም ስለሆነ ማኪያቶ የሚጠጣው ቀንሶ ካፌው በቀን አምስት ሊትር ብቻ እንደሚወስድም የነገረችኝ እሷ ናት። አምስት ሊትር ደግሞ የእኔ ላም ልክ ነው።

ሮቤ ወረድኩ። ባለ ካፌው ጎልማሳ ሰው ነው፣ ካሽ ማሽኑ ጀርባ ተቀምጦ ጥርሱን ይጎረጉራል።

«ጋሼ፣ ወተት ከጎባ ነው የሚመጣልዎት አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«እኔ በሊትር አምስት ብር ቀንሼ አመጣልዎታለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ውሃ ጨምረሽ ነው የምትቀንሺው?»

«ይቅመሱት።»

«ነገ አምጪ» አለኝ። እዚያው እያለሁ ስልኩን አንሥቶ ለእሷ ደወለ፣ ነገ እንዳትልክ ነገራት። እኔ ስሜን እንዳይጠራ ጸሎት ላይ ነበርኩ። አልጠራኝም፤ ስሜን መች ጠየቀኝና።

በዚያን ቀን ማታ ጥጃው ከሚጠባው ላይ ቀማሁት። አንገቱን ይዤ ስጎትተው እየተንፈራገጠ ጮኸ። ነገሩን በደንብ ለመሥራትም የማለቢያውን ቅል አጥቤ በወይራ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለቴ አጠንኩት። እኛ ቤት ባልታጠነ ዕቃ ለሰው ወተት መስጠት ባልታጠበ ብርጭቆ ውሃ እንደ መስጠት ነው። የእሷ ጀሪካን በሙቅ ውሃ ተለቅልቆ ብቻ እንደሚሞላ አይቻለሁ፤ ሰነፍ ናት እል ነበር።

ጠዋት አስረከብኩና አልሄድኩም። ሻይ አዝዤ ጥግ ተቀመጥኩ። ወተቴ ሲጠጣ ማየት ፈለግሁ። ማሽኑ ፉሽ አለ፣ የመጀመሪያው ማኪያቶ አንዲት ተማሪ ፊት ተቀመጠ። አንዴ ፉት አለችው፣ ብርጭቆውን አሸተተችው፣ ለጓደኛዋ አቀበለችው።

«ቅመሺልኝ እስቲ። ጭስ ጭስ አይልም?»

ጓደኛዋ ቀምሳ ሳቀች። «ኧረ ያያቴን ቤት ነው የሚሸተው!»

ባለ ካፌው ራሱ አንድ አስቀድቶ ቀመሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ካፌው ሙሉ እየሰማ፣ «የኔ ልጅ፣ ወተት አልኩሽ እንጂ ቋንጣ አልኩሽ?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። «ለእርጎ ቢሆን እጅሽን እስም ነበር። ቡና ግን ከወይራ ጋር አይስማማም።»

«ነገ ሳላጥን አመጣለሁ።»

«ተይው ልጄ። ያቺኛዋ ታውቅበታለች።» ስልኩን አነሣና እዚያው ፊቴ ደወለላት። «ነገ ላኪልኝ። ግን አዲሱ ዋጋ ነው። አዎ፣ አምስት ብር ተቀንሷል፤ የሚያመጣ ሰው አለ።»

የሚያመጣው ሰው እኔ ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ባዶ ጀሪካኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ስመለስ ያሰብኩት እሷን አልነበረም። ያሰብኩት፣ የሳቁብኝ እሷ የምታውቀውን ስለማላውቅ መሆኑን ነው። ከላም ሌላ የምቀናበት ነገር ተጨመረልኝ።

ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ መጣች። አልጮኸችም።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«ምኑ?»

«አቦ ተይ! ወይራ የሸተተ ወተት ከጎባ መጣ አለኝ። ሌላ ማን አለ?»

ከአጥሩ እንጨት ቅርፊት መላጥ ጀመርኩ።

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለች። «ካፌ የታጠነ አይወስድም። እኔም መጀመሪያ አንዴ ተመልሶብኛል።»

እንዲህ ስትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደግነቷም ከእኔ ይበልጣል ማለት ነው።

ዋጋው በካፌው ብቻ አልቆመም። ሰፈር ውስጥ ወሬ እግር አለው። «ለሮቤ በዚህ ከሸጥሽ ለእኛ ለጎረቤቶችሽ ለምን ይወደዳል?» ይሏት ጀመር፣ ረመዳኑም ወደ ማለቂያው ነበር። ቀጥሎ ወንድሟ ባዶ እጁን መጣ፤ ለሠራተኛ የሚሸጠው ፉርሽካ ቀርቷል። ሰንጋ የሚያደልቡ ሰዎች ከአዳማ በኩል የጭነት መኪና እየላኩ ከፋብሪካው በር ላይ ጠቅልለው ይወስዱታል። ሰንጋዎቹ ለዐረብ አገር ነው የሚላኩት፣ የሚሸጡት በዶላር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የጎባ ላም ከዐረብ አገር በላተኛ ጋር በአንድ ኬሻ ፉርሽካ እንደምትሻማ አላውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «አካም ቡልቴ» አለች፣ እንደ ድሮው፤ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። «ተነሺ ሮቤ እንሂድ። ሁለታችንም አብረን ከዚህ በታች አንሸጥም እንበለው።»

«ከእኔ መች ይገዛልና?»

«የሚያመጣ ሰው አለ እያለ የሚያስፈራራኝ በአንቺ ነው።»

ሄድን። በመንገድ ብዙ አላወራንም። ባለ ካፌው ሰማንና ከመደርደሪያ ሥር አንድ ትልቅ ቆርቆሮ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገው። የዱቄት ወተት ነው፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ ሜዳና ንጹሕ ላም ተሥሏል።

«ይሄ አይጾምም» አለን። «አይታመምም፣ ጥጃ አያሳድግም፣ ሚኒባስ አያመልጠውም። ዶላር ሲጨምር እሱም ይጨምራል፣ አልዋሽም። ግን አብራችሁ መጥታችሁ እንደምትቆጡኝ አይቆጣኝም።»

«ጣዕሙስ ጋሼ?» አለችው።

«ስኳር አለ።»

በጾሙ መጨረሻ ላይ ከማናችንም አይወስድም ነበር። ቆርቆሮው ላይ ያለችውን ላም ደጋግሜ አይቻታለሁ። የሆነ አገር እንዲህ ያለ ሣር ላይ ቆማ የሰጠችውን ወተት ባለቤቷ ዋጋ አነሰኝ ብሎ ግማሹን ደፋው፣ ሌላው ደርቆ ዱቄት ሆኖ ሮቤ ድረስ መጣ። የተረፋቸው ወተት ለእኛ ገበያ ይበቃል።

ዲቃላዋ ያለ ፉርሽካ አልቻለችም። ጭድ ስትሰጣት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ወተቷ በየቀኑ ሲቀንስ በአጥሩ በኩል እሰማ ነበር፤ አንድ ጠዋት እኩል ጨረስን። የእኔ ዳለቻ ድሮም የማንንም ፉርሽካ አምና አታውቅም፤ ጭዱንም፣ የመንገድ ዳር ሣሩንም፣ የድንች ልጣጩንም ትግጣለች። ደስ ብሎኝ ነበር ብዬ አልክድም። እጄን ስታጠብ ወዲያ ማዶ ጸጥ ሲል ደስ አለኝ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ገበያ የወጣችው የእነሱ ላም ናት። ከሮቤ የመጣ አንድ ወተት ነጋዴ ገዛት። ጎረቤቴ ላሟን ሸኝታ ስትመለስ ቀጥታ ወደ እኛ ግቢ ገባች፣ ከእናቴ ጋር ተሳሳመች፣ ከዚያ ለእኔ ሦስት ቤት ቆጠረችልኝ። ሁለቱ የእሷ ዘመዶች ናቸው።

«ነግሬልሻለሁ። ከነገ ጀምሮ ውሰጂላቸው። የታጠነ ነው የሚወዱት፣ አትፍሪ።»

እናቴ በዚያ ገበያ ቀን ላሟን አላወጣችም። «ትቆይ» ብላ ብቻ ወደ ጓዳ ገባች። የፈለግሁትን አገኘሁ፤ ያገኘሁት ግን ልወስድባት ከሄድኩበት ሰው እጅ ነው። አመሰግናለሁ አላልኳትም።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ መጣ። በላሟ ሽያጭ አዳማ ነርስነት ልትማር ነው። ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ስትሄድ እኔ ጥጃውን አስሬ እያለብኩ ነበር፣ መነሣት አልቻልኩም። በአጥሩ ላይ እጇን አወዛወዘች። እናቴ አየችኝ።

«አትሸጪብኝ ብለሽ ስትነጫነጪ ከረምሽ። አሁን ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

ምንም አልነበረም እንዴ? ላም ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ላም አጥታ የወጣችው እሷ ናት።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለች። አዳማ ሙቀቱ እንደገደላት፣ የሆስቴሉ ሻይ ወተት እንደሌለው፣ ክፍሏ ውስጥ ስድስት መሆናቸውን አወራችልኝ። ስለ ትምህርቱ ስትነግረኝ ድምጿ ሌላ ነበር፤ ሰውነት ውስጥ ያለ አጥንት ሁሉ ስም አለው አለችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ወተት ስንት ገባ?»

ዋጋው ያው ነበር። እንዲያውም ፉርሽካ ጨምሯል።

«ኧረ ተይው!» አልኳት። «ጨምሯል። በጣም ጨምሯል። ካፌውም ዱቄቱን ትቶ ወደ እኛ ተመልሷል፤ አልደርስ ብያለሁ።»

«ውሸት!»

«እውነቴን ነው። ያቺን ዲቃላ ባትሸጪያት ኖሮ...»

ስልኩ ውስጥ የአዳማ ባጃጆች ጡሩምባ ብቻ ይሰማኛል። ቀንታ እንደሆነ ለማወቅ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።