እርጎ ደፍታ የመራችን ልጅ

እርጎ ሲኮመጥጥ አሁንም የሚሸተኝ ኻልዳ ነው። እንዲህ ብዬ መጀመር መቻሌ ራሱ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ ግን ያስጠላል።

ኻልዳ፣ እዚህ አረብ አገር፣ እማዬ በሰዓት እየተከፈላት የምታጸዳው ቤት ያለበት የሀብታሞች ሰፈር ነው። ትምህርት በሌለኝ አርብ ተከትያት እየሄድኩ መስኮት እወለውልላታለሁ። የዚያን ቀን የማዳም ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ፣ የቤት ሥራ ነበረባት፦ ቡድን ስትመራ በቪዲዮ ተቀርጻ ለክፍሏ ልጆች ማሳየት። ማዳም ልጇ መሪ ሆና እንድታድግላት ትፈልጋለች። ቡድን ከየት ይምጣ? እኔና እማዬ አለን።

ልጅቷ ደረቷ ላይ የወረቀት ኮከብ ለጠፈች። ማዳም ስልኳን ደገነች። ችግሩ፣ ወለሉ ጸድቷል። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና የእርጎ ሳህኗን ከጠረጴዛው ገፍታ ወለሉ ላይ ደፋችው።

«ቡድን፣ እዚህ ጋ» አለች አፍንጫዋን ይዛ።

የላሰችው ማንኪያ ሳይቀር እርጎው ውስጥ ተጋድሟል። እማዬ ልትንበረከክ ስትል ስልኩ ዝቅ ብሎ ተከተላት። እናቴን በጉልበቷ እንዳለች ያ ሁሉ ልጅ ሊያያት ነው። ጨርቁን ልቀማት እጄን ሰደድኩ።

«ተይ» አለችኝ። ከዚያ ለልጅቷ በአረብኛ፣ «የኔ ቆንጆ፣ እኛ አገር ሰው ለሥራ የጠራ ራሱ ነው ቀድሞ የሚጀምረው። ነይ፣ አሳዪን።» ደቦን ማለቷ ነው፤ ለደቦ አረብኛ የላትም።

ልጅቷ ሳቀችና ተንበረከከች። ምላሷን አውጥታ ከምር ትወለውል ጀመር። «አንቺ ውሃ፣ አንቺ ባልዲ» አለችን፤ አመጣንላት። ለአፍታ እውነትም መሪ መሰለች።

«ኡፍ» አለች ማዳም ስልኩን አጥፍታ። «ሀቢብቲ፣ ተነሺ። መሪ ቆሻሻ አይነካም። እንደገና እንቀርጻለን፤ እሷ ትወልውል፣ አንቺ ጠቁሚ።»

ልጅቷ ተነሳች። እርጎ የተለወሰ እጇን፣ ፎጣ ላይ እንደሚጠረግ፣ የእማዬ ቀሚስ ላይ ጠረገችው።

እማዬ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ጓንቷን አውልቃ ባልዲው አፍ ላይ ሰቀለች።

«ኻላስ ማዳም፣ ሰዓታችን ሞልቷል።»

አንዲት ጠብታ ትታ ከሰው ቤት ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ የቀረውን እርጎ ተራምዳው ወጣች።

ወደምንኖርበት ወደ ማርካ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ቀሚሷ ሸተተኝ። መስኮቱን ከፈትኩ።

«ሌላ ቤት ፈልጊ እማዬ።»

«እፈልጋለሁ።» የደረቀውን እርጎ በጥፍሯ ፈቀፈቀች። «ልጅቷ ግን ጎበዝ ነበረች። ስትወለውል ጥጉን እንኳ አልዘለለችም።»