ሰባተኛዋ ባለተራ

የያዙኝ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በማዘጋጃ ቤቱ የጽሕፈት ክፍል ተቀምጬ በሁለት ወረቀት መሃል ካርቦን ሳስገባ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ገቡ። አንደኛው ስሜን ጠራ። «አቤት» አልኩ። «ተነሽ» አለኝ። ከጎኔ የነበሩት ሁለት ጸሐፊዎች መተየባቸውን አላቆሙም፤ እንዲያውም ፈጠኑ። አልፈረድኩባቸውም። በነሱ ቦታ ብሆን እኔም ይኸንኑ ነበር የማደርገው።

የወሰዱኝ ጣሊያን ለመጋዘን ብሎ ወደ ሠራው የድንጋይ ቤት ነው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር እጅ የምታሾልክ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረች። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የሽንት ባልዲ፣ ደርቆ የማያውቅ ብርድ ልብስ፣ የከረመ ወጥ፣ የአሥራ አንድ ሴቶች ላብ። ባልዲው ከበሩ ሥር ነው። አዲስ የገባች ሴት ቦታዋ ከባልዲው አጠገብ ነው፤ ይኸን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፣ ባዶ የነበረው ያ ቦታ ብቻ ስለሆነ። ወለሉ ርሷል። በምን እንደራሰ ማወቅ አልፈለግሁም። ተረከዝ ያለው የቢሮ ጫማ እንዳደረግሁ ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው ልጄ፣ እስከ መቼ ልትቆሚ ነው?» አሉ ከግድግዳው ሥር አንዲት የገጠር ሴት። «ይህ ቆመው የሚጨርሱት ነገር አይደለም።» የጋቢያቸውን ጫፍ ሰበሰቡና አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ለቀቁልኝ።

የአዲ አርቃይ ሰው ናቸው። ልጃቸው ጫካ ገባ ተብሎ እሱን አምጪ ሲባሉ አራት ወር ሆኗቸዋል። ከተቀመጥኩ በኋላ፣

«አንቺስ በምን መጣሽ?» አሉኝ።

«ወረቀት ለጥፌ።»

ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። በዚያን ጊዜ ወረቀት መለጠፍ በሞት የሚያስቀጣ ነገር ነው። «የነማንን ወረቀት?» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«የመንግሥትን» አልኩ።

አንዷ በሳቅ ፈነዳች፣ ሌላዋ ተከተለች። ዘበኛው በሩን እስኪደበድብ ድረስ ሳቁ። እዚያ ቤት በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ቤት የሌለው ሰው እየተመዘገበ በተራው ይሰጠው ነበር። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። በሰባተኛው ተራ ላይ አንዲት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ሦስት ልጆች ይዛ በሰው ግቢ በማድ ቤት ጥግ ትኖራለች። ሰኞ ሰኞ፣ እጇ በሳሙና እንደተላጠ፣ በቢሮዬ በር አንገቷን ታስገባለች።

«እህቴ፣ ተራዬ ደረሰ?»

«ገና ነው። ታገሽ።»

ገና አልነበረም። ተራዋ ደርሶ ነበር። ግን የቁጥጥር ኮሚቴው ሊቀመንበር ዝርዝሩን አስመጥቶ ሰባተኛ ላይ የሚስቱን ወንድም አስገባ፣ እሷን ወደ አሥራ ዘጠነኛ ገፋ፣ ሌሎች አራት ሰዎችንም እንዲሁ አደረገ። በእርሳስ ምልክት ያደርግበትና «ንጹሕ አድርገሽ ጻፊው» ይለኛል። ንጹሕ አድርጌ እጽፈዋለሁ። እንደገና የተጻፈ ገጽ ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው፤ የተበደለ ሰው በውስጡ ያለ አይመስልም። ይኸን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ደመወዜን እበላለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን እሠራለሁ።

ከዚያ ከበላይ መመሪያ መጣ። ሙስናና አድልዎ እንዲጠፋ የማዘጋጃ ቤቱ አሠራር ለሰፊው ሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ የቤት ዕደላ ዝርዝርም በአደባባይ ይለጠፍ የሚል ነው። ሊቀመንበሩ ፈርሞ ለየክፍሉ በተነው። ሰርኩላሩን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሳምንት ሆነ፤ የለጠፈ የለም። ሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ያቺ ሴት መጣች። «ገና ነው» ማለት አቃተኝ። ምራቄ አፌ ውስጥ መረረኝ።

መዝገብ ቤት ወረድኩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የኮላ ድባ ሰው፣ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። «አያ፣ የመጀመሪያውን የቤት ዝርዝር ፈልጌ ነበር» አልኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። ፋይሉን አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ «እኔ ሻይ ልጠጣ» ብለው ወጡ። በሥራ ሰዓት ሻይ ሲጠጡ አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያውንና የተለወጠውን ዝርዝር ወስጄ በውጭው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ሰሌዳው በሰው ተከበበ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹ ተነሥተዋል። በሦስተኛው ቀን እኔም ተነሣሁ።

በታሰርኩ በአምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ጠሩኝ። የመርማሪው ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ግን ሊቀመንበሩ ራሱ ነው። ከፊቱ ጥብስ በትሪ ቀርቦለታል። በትሪው አጠገብ የለጠፍኳቸው ሁለት ወረቀቶች አሉ። ጥግ ላይ አንዲት የጽሕፈት መኪና ተቀምጣለች።

«እዚህ የሚጽፈው ልጅ ፊደል ይገድፋል» አለ እያኘከ። «ቃልሽን አንቺው ጻፊው። እኔ እነግርሻለሁ።»

ተቀመጥኩ። ወረቀት አስገባሁ። አምስት ቀን ያልታጠበ እጄ ፊደሎቹ ላይ አረፈ።

«‹እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው፣ የአብዮቱን አንድነት ለመከፋፈል ሆን ብዬ የሐሰት ዝርዝር ለጥፌያለሁ› በይ።»

ጻፍኩ። «የሐሰት» የሚለውን ሳልገድፍ ጻፍኩት። ዛሬም ድረስ ከዚያ ቀን በጣም የምጸየፈው ይኸን ነው። ባልዲውን አይደለም፣ የሱን ቅባት የበዛበት አፍም አይደለም። የገዛ ጣቶቼ እንዴት ለምደው እንደነበረ ነው።

«‹ለዚህም ሥራ ያነሣሡኝ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው›» አለ።

እጄን አነሣሁ።

«ምነው? አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ይኸን አልጽፍም።»

«እስካሁን ስትጽፊ አልነበረም እንዴ?»

«እስካሁን የጻፍኩት ስለ እኔ ነው።»

አልተቆጣም። ከትሪው አጠገብ አንደኛውን ወረቀት አንሥቶ ጣቶቹን ጠረገበት። የመጀመሪያው ዝርዝር ነበር። ስቡ ገባበት፣ ወረቀቱ ብርሃን አሳላፊ ሆነ፤ ስሞቹ አንድ በአንድ ሲዋጡ አየሁ።

«አንቺ እኮ ያልኩሽን ስትጽፊ የኖርሽ ሴት ነሽ» አለ። «ዛሬ ምን ተገኘ?»

እውነቱን ነበር። «ዝርዝሩ ይለጠፍ የሚለውን ሰርኩላር የፈረሙት እርስዎ ነዎት፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት።

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «ሰርኩላር እንዲነበብ ነው የሚጻፈው። ይሠራበት ያለሽ ማን ነው?»

ያን ጊዜ ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብል ውሸት ይሆናል። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ጥላቻ እንኳ ያልሆነ፣ የተበላሸ ነገር የቀመሰ ሰው የሚሰማው ዓይነት ስሜት በለጠብኝ። መትፋት ፈለግሁ። የጻፍኩትን ወረቀት ከመኪናዋ ስቤ አወጣሁ፣ ቀዳድጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሌላ ወረቀት አስገባሁ። ማንም ሳይነግረኝ ጻፍኩ፦

«ዝርዝሮቹን የለጠፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። የመጀመሪያው ዝርዝር ትክክለኛ ነው። ሁለተኛውን ቀይሬ የጻፍኩት ታዝዤ ነው።»

አውጥቼ ፈረምኩበት። ተነሥቼም፣ በቢሮ እንደማደርገው፣ በሁለት እጄ ይዤ ሰጠሁት። አነበበው። ሁለተኛ አነበበው። ከዚያ ዘበኛውን ጠራ።

በሚቀጥለው ክፍል የሆነውን አልዘረዝርም። ወደ ሴቶቹ የተመለስኩት ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው። የአዲ አርቃይዋ እናት ለመጠጥ ከተሰጣቸው ውሃ ቀንሰው እግሬን አጠቡልኝ። አስታወከኝ። ሕመሙ ነው መሰላቸው። የጥብሱ ሽታ ነበር፤ ልብሴ ላይ ቀርቶ ነበር።

«ምን አስጻፉሽ?» አሉኝ።

«አንድ ሰው ስጪ አሉኝ።»

«ሰጠሽ?»

«አልሰጠሁም።»

«ሸጋ» አሉ። እግሬን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስማቸው ተጠርቶ ወጡ። ወዴት እንደሄዱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ዐሥር ወር ታሰርኩ። አያን የነካቸው የለም፤ ጡረታቸው ሲደርስ አገራቸው ገቡ። ስለዚያ ቀን አንዳችን ለሌላችን ተናግረን አናውቅም። ሊቀመንበሩ ተሾሞ ወደ ሌላ አውራጃ ሄደ። የሚስቱ ወንድም ቤቱ ውስጥ ቀረ።

በተፈታሁ በሳምንቱ ልብስ አጣቢዋ መጣች። ቤቴን ጠይቃ ነው ያገኘችው። አምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ከቤት ገብታ ከበርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ዕለት ሰሌዳው ዘንድ ነበርኩ» አለችኝ። «ማንበብ አልችልም፤ አንዲት ተማሪ አነበበችልኝ። በአንዱ ወረቀት ሰባተኛ ነሽ፣ በሌላው አሥራ ዘጠነኛ ነሽ አለችኝ። እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ ዕድሌ ነው ስል ነው የኖርኩ። እግዜር ረሳኝ እያልኩ በየደጀ ሰላሙ ስወቅሰው ነበር። ለካስ እሱ አይደለም። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።»

አምባሻውን ከነጨርቁ ሰጠችኝ። ከዚያ፣ «ሁለተኛውን ወረቀት ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ።

የሊቀመንበሩን ስም ልጠራ እችል ነበር። ብጠራው ሐሰት አይሆንም።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አቀርቅራ እጇን አየች። ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«እውነቱን ግን ነገርሽኝ» አለች። ሄደች።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ቤቴ ግን ተመልሳ አልገባችም። ቤትም ሳታገኝ ልጆቿ አደጉ።

አሁን አርጅቻለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ስለ ግልጽነትና ስለ ሥነ ምግባር በትልልቅ ፊደል ተጽፎ አያለሁ። አላፌዝበትም፤ ነገሩን እፈልገዋለሁ። ጉዳይ ላስፈጽም ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ግን ዓይኔ የሚሄደው ወደ ግድግዳው አይደለም። ጥግ ላይ ተቀምጣ የምትጽፈውን ሴት ነው የማየው። ቀና ስትል ሰላም እላታለሁ።