ያልቀነስኳት አንድ ሜትር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። አባ "ሌላስ?" ሲሉኝ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ረቡዕ ቀን የበላሁትን እንቁላል ሳይቀር ዘርዝሬ፣ ይህችን ግን ውጬ ስወጣ ኖሬያለሁ። ዛሬ እንግዲህ እርስዎ አንባቢዬ ይስሙኝ። የሰው መሬት አንድ ሜትር ወስጃለሁ። ለራሴ ብወስደው እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ ወስጄ ለማንም አልሰጠሁትም።

እኔ አሰላ ውስጥ የግንባታ ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። የሰውን አጥር እለካለሁ፣ ከካርታው ካለፈ ቀይ ቀለም እቀባለሁ፣ ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ። የምለካበት ተጠቅላይ ሜትር ሃምሳ ሜትር ነው ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር አርባ ዘጠኝ ነው። የመጀመሪያዋን ሜትር የበጠስኳት እኔ ነኝ። ለፋሲካ በግ ገዝቼ ገመድ ባጣ በመንግሥት ሜትር አሰርኩት። በጉ ወደ ኋላ፣ እኔ ወደ ፊት ስንል ብጥስ አለች።

ሜትሩ በስሜ ፈርሜ የወሰድኩት ንብረት ነበር። ታዲያ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ? "በበግ ምክንያት" ልበል? ዝም አልኩና ዘዴ ፈጠርኩ፤ የቀረው ሜትር ከአንድ ስለሚጀምር፣ ለክቼ ስጨርስ አንድ እቀንሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልሳሳት ቀነስኩ። ጋሽ ከድር ግቢ የሄድኩ ዕለት ግን አልቀነስኩም።

ጋሽ ከድር ጋሪ ነጂ ናቸው። ዳማ የሚባል ፈረስ አላቸው፤ እሳቸውና ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ የሚኖሩት በእሱ ጉልበት ነው። ጋጣው ሁለት ሜትር ስፋት ያለው፣ የመንገዱን አጥር ተደግፎ የተሠራ ነበር። ያን ቀን አዲሱን አንጸባራቂ ሰደርያዬን ለብሼ ስገባ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ልቤ ያብጣል። የሜትሩን ጫፍ የያዙልኝ ራሳቸው ጋሽ ከድር ነበሩ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ቁጥሩን አያዩትም። ካርታው አስር ሜትር ይላል። የእኔ ሜትር አስራ አንድ አለ።

መቀነሱን ረስቼ ንግግር ጀመርኩ። "ከተማ የሚመራው በፕላን ነው! ዛሬ አንድ ሜትር የገፋ ሰው ነገ አስፋልት ላይ ሳሎን ይሠራል!" አልኩ። ማን ተናገር አለኝ? ጎረቤቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ከድር ግን አልተከራከሩም።

"ወላሂ አላወቅኩም ልጄ፤ አባቴ ያጠሩት አጥር ነው" አሉ። "ቶሌ፣ እሺ፤ ሜትር ካለ አለ ነው። ሜትር አይዋሽም።"

ከሰዓት በኋላ ሌላ ግቢ ስለካ "አንድ ቀንስ" ብዬ ለራሴ ስናገር ክው አልኩ። ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም። የሰባት ቀን ጊዜ ሰጥቻቸዋለሁ፣ በመሀል ሹልክ ብዬ አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። በማግስቱ ጠዋት ሳልፍ ጋሽ ከድር አጥሩን ነቅለው፣ የጋጣውን ግማሽ አፍርሰው አገኘኋቸው። ሕግ አክባሪ ሰው እንዴት ያስቸግራል! ጭራሽ ደክሞሃል ብለው የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ። እኔም ቆሜ ቆረጠምኩት።

አንድ ሜትር በቀረው ጋጣ ውስጥ ዳማ መዞር አቃተው። የኋሊት መውጣት ተማረ፤ ሰፈሩም ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሐምሌ ሲገባ ግን የተቆረጠው ጣሪያ አፈሰሰ፣ የአሰላ ብርድ ገባ፣ ዳማ ማሳል ጀመረ። ፈረሱ ከታመመ እንጀራቸው ቀረ። ስለዚህ ጋሽ ከድር ዳማን ሳሎን አስገብተው፣ እሳቸውና እማማ ዘይነባ ጓዳ ውስጥ መተኛት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስሄድ ዳማ በሳሎኑ መስኮት፣ በአበባማው መጋረጃ መሀል አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። መንገዴን ልቀይር አሰብኩ፤ ሌላው መንገድ ጭቃ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረቤት አመለከተ፤ መኖሪያ ቤትን ያለፈቃድ ለጋጣነት ማዋል። አጣርቶ እንዲመጣ የተላከው ማን ይመስልዎታል? እኔ። ገባሁ። እማማ ዘይነባ ሻይ ቀዱልኝ። ተናገር፣ አሁን ተናገር እያልኩ ራሴን ወተወትኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬን አውጥቼ "በቤቱ ውስጥ ፈረስ አልተገኘም" ብዬ ጻፍኩ። ስጽፍ ዳማ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ወረቀቱ ላይ ይተነፍስ ነበር። ጋሽ ከድር እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋሪያቸው በነጻ እሄዳለሁ። ቤቱን ያፈረስኩበት ፈረስ እኔን ይጎትታል። ከዚህ የባሰ ነውር አለ?

በቀደም አዲስ ሜትር ተሰጠን። ይዤው ጋሽ ከድር ግቢ ሄድኩ። "ልሞክረው ብዬ ነው" ብዬ ዋሸሁ። አሁንም ጫፉን እሳቸው ያዙልኝ። ከዜሮ ጀምሬ እስከ ድሮው አጥር ጉድጓድ ለካሁ፤ ልክ አስር። በዚያች በወሰድኳት ሜትር ላይ መንገድ አልተሠራባት፣ ቦይ አልተቆፈረባት፤ ሳማ በቅሎባታል።

"ደህና ነው ሜትሩ?" አሉኝ።

"ደህና ነው" አልኩ። ከዚያ ና ላድርስህ አሉኝና ጋሪው ላይ ወጣሁ። እስከ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ተናገር፣ ተናገር እያልኩ ሄጄ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወረድኩ። ዳማ ሲያስል መንገዱን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ረሳሁ ብዬ አላመካኝም። የረሳሁት ግማሽ ቀን ነው፤ ያወቅኩት ግን ዓመት ሙሉ ነው። ነገ ጠዋት የተበጠሰችውን ሜትር ከመሳቢያዬ አውጥቼ እሄዳለሁ። ጎረቤቶቹን እጠራለሁ። ያን ንግግር ባደረግኩበት ቦታ፣ በዚያው ድምፅ፣ ይህን ወረቀት አነበዋለሁ፤ የበጉን ነገር ሳይቀር። የአጥሩን ጉድጓድም ራሴ እቆፍራለሁ። እርስዎ እስከዚያ ይቅር አይበሉኝ። ጋሽ ከድርም ይቅር ቢሉኝ ባይሉኝ የእሳቸው ጉዳይ ነው። ብቻ እሳቸው ወደ ሳሎናቸው፣ ዳማም ወደ ጋጣው ይመለሱ።