የጌታሁን ዓሦችና ዛሬ ሻማ የሚያበሩለት ሰዎች

ዛሬ ጠዋት ፌስቡክ ስከፍት የጌታሁን ፎቶ ከነሻማው መጣብኝ። ልደቱ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ "እንኳን ተወለድክ" ልጽፍለት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ የለጠፈውን ሰው ስም አየሁ። ለጌታሁን ልደት ሻማ የሚያበራ ሰው አይደለም።

ሚስቱ ወይንሸት ጋ ደወልኩ። "እውነት ነው ሶሲ" አለችኝ። "ኩላሊቱ አልቻለም። ትናንት አረፈ።"

ማልቀስ ነበረብኝ። አላለቀስኩም፣ ተናደድኩ። አሁንም እንደተናደድኩ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ከእኔ ለስላሳ ነገር አትጠብቁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ በስደት ሳለን ኢስትሊ ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ነበርን። የወይኒ የመጀመሪያ ልጅ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ወዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አትበላም፣ አትናገርም። ሾርባ ይዤ እገባለሁ፣ ሾርባዬን ይዤ እወጣለሁ።

ጌቾ ያኔ ዌስትላንድስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበር። ሰዎቹ አገር ሲለቁ የዓሣ ማሳደጊያ መስታወታቸውን ሰጡት። ያንን የሚያህል ነገር ታቅፎ ማታቱ የሚሉት ታክሲ ውስጥ ገባ። ረዳቱ "ሳማኪ ዋኮ ዋፒ?" አለው፤ ዓሦችህስ የታሉ ብሎ ሊያሾፍበት። ጌቾ "ባዶ!" ብሎ መለሰለት። በስዋሂሊ "ገና ናቸው" ማለት ነው።

ቤት ገብቶ ይህንኑ ለሚስቱ ጀርባ አወራላት። "በእኛ ባዶ ባዶ ነው፣ ወይኒዬ። እዚህ አገር ግን ባዶ ማለት ገና ነው።"  ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ቢጠይቀው፣ ኬዝህ ምን ደረሰ፣ ወረቀትህ ወጣ ወይ ቢለው፣ መልሱ ይቺው ሆነች፤ "ባዶ!"

መስታወቱን ውሃ ሞልቶ፣ ማሞቂያ ከትቶበት፣ ለሳምንታት ያለ ዓሣ አስቀመጠው። እኔ ደግሞ ቸኮልኩ። "ቀያዮቹን ጎልድፊሾች አምጣላት፣ ደስ ይላታል" አልኩት።

"ጎልድፊሽ ይተልቃል፣ ይሄ ይጠበዋል። ውሃም ያቆሽሻል። ለጀማሪ ጋፒ ነው የሚሻለው፣ ትንሽ ነው፣ ቻይ ነው።"

"ታዲያ ጋፒውን አምጣው!"

"ውሃው ሳይዘጋጅ ካስገባሁት ይሞታል። እዚህ ቤት ሌላ ሞት አይገባም፣ ሶሲ።"



በመጨረሻ ጋፒዎቹ ከነሣራቸው መጡ። የፎቁ ሰው ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ፣ ሁሉም ዳቦ ይወረውራል። ጌቾ ጮኸብን። "የዓሣ ሆድ ከዓይኑ አይበልጥም! በቁንጥጫ ነው የሚሰጠው! የተረፈው በስብሶ ውሃውን ይመርዘዋል!"

አንድ ጠዋት ከኮሪደሩ ማዶ ድምፅ ሰማሁ። "ሶሲ! ነይ! ነይ እዪ!" ወይኒ ነበረች። በራሷ እግር ተነስታ መስታወቱ ላይ ተደፍታለች። ጋፒ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል። ሣሩ ውስጥ ከሽፋሽፍት የማይበልጡ ልጆች ተወሽቀዋል። "ትልልቆቹ እየበሏቸው ነው! አውጣቸው፣ ጌታሁን!"

ለያቸውና በጠርሙስ አደረገላት። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልላ እንድትመግባቸው አሳያት። "አስኳሉ ለእነሱ፣ ነጩ ላንቺ" አላት። በላች። በዓይኔ አይቻለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ኅብረታችን ሰዎች "ልናጽናና መጣን" ያሉት በዚያ ሰሞን ነው፤ ያውም ስንት ጊዜ ቆይተው። መሪያቸው ዛሬ ፌስቡክ ላይ ሻማ ያበራው ሰውዬ ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ ያነበዋል። ወይኒ አስኳሉን እያጠለለች ነበር። አያትና "ወገን እየተራበ እንቁላል ለዓሣ?" አለ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቀጠለ።

"ልጅ ቢወሰድባችሁ በዓሣ ልትተኩት ነው? ይሄ ጣዖት ነው። ይውጣ!"

ጌቾ ድምፁን እንኳ አላነሳም። ተነሳና በሩን ከፈተ። "የምትወጡት እናንተ ናችሁ።"

በቀጣዩ እሑድ ከመዘምራን አወጡት። በሕዝብ ፊት ስሙን ጠርተው "ትዕቢተኛ" አሉት። ከዚያ ወዲያ ልጇን የቀበረች ሴት ደጃፍ ላይ የወንጌል ሰው ጫማ አልታየም። የምትመጣው ጎረቤታችን ሶማሌዋ ሐሊማ ነበረች። ሻይ ይዛ ትገባለች፣ ትንንሾቹን ጋፒዎች በጠርሙስ ለልጆቿ ይዛ ትሄዳለች። በኋላ ፎቁ ላይ ጋፒ የሌለበት መስኮት አልነበረም።

ሌላ ልጅ አልወለዱም። በዚያም "አላልናችሁም?" ያሉ ነበሩ። ሰው አይደለም የነገረኝ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼአለሁ።

ዓመታት አልፈው ኪሌሌሽዋ ወደሚባል ሰፈር ገቡ። ለኩላሊቱ እጥበት፣ ለዲያሊሲስ፣ ሲመላለስ እሱና ወይኒ ብቻ ነበሩ። ዛሬ "የልብ ወንድሜ" የምትሉት ሁሉ የት ነበራችሁ? ቤቱ ጠፍቷችሁ ነው? ማታቱ እኮ በሩ ድረስ ያደርሳል!

የባሰው ደግሞ ያ ሰውዬ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ላንብብ ብሎ ደውሏል። ወይኒ ስትነግረኝ ስልኩን ልሰብረው ደረስኩ።

"ምን አልሽው?"

"የምናገረው እኔ ነኝ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ አልኩት።" 

ጌቾ፣ ነገ ከእሷ ጎን ፊት ወንበር ላይ ነኝ። አንተ ይቅር ብለሃቸው እንደሄድክ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ "ተያቸው ሶሲ" ብለኸኛል። ዛሬ አልተዋቸውም፣ አትቀየመኝ። ወይኒን ለእኔ ተዋት፣ ብቻዋን አላደርጋትም።

ብዙ ደክመሃል፣ ወንድሜ። ደህና ግባ።