ቋጠሮውን ሳልፈታ

ዛሬ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ያለው ልጄ ቤት ስገባ የልጅ ልጄ ሳሮን ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ትነጫነጫለች። ሥራዋን ከቤት ነው የምትሠራው፤ የመሥሪያ ቤቷ ፋይል አልከፈት ብሏት ነበር። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍታ አንዲት ቃል ጻፈች።

«ምንድን ነው የጻፍሽው?» አልኳት።

«ኬሊስት የምትባል የኮምፒውተር ትእዛዝ ናት፣ እማማ። ጠዋት አንዴ ፓስዎርድ ስሰጥ ኮምፒውተሩ ቲኬት ይሰጠኛል፤ ከዚያ በየበሩ እሱን ነው የማሳየው። ይቺ ደግሞ የያዝኩት ቲኬት በማን ስም እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ታሳየኛለች።» ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። «ትናንት ለሙከራ በከፈትኩት ሌላ ስም የወጣ ነው። ሶ፣ ሳሳይ ያረፈድኩት የኔን አይደለም።»

እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን በራሴ ነው።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ እህቴ አስካለ የምትዳርበት ጥር። እኛ አገር፣ ቡታጅራ አካባቢ፣ ሙሽራ በእግሯ ከወጣች ወሬው ዕድሜዋን ሙሉ ይከተላታል። ሠርጉ ነገ ነው፤ አባቴ እግሩ ወለም ብሎት ተኝቷል። በቅሎ ያላቸው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያሉት አባባ በርጋ ናቸው። አንድ ሰው «እገሌ ልኮኝ ነው» ብሎ በቅሎ ወስዶባቸው ከቀረ ወዲህ፣ የላኪውን ምልክት ሳያዩ ገመድ እንኳ አያውሱም። አባቴ የብር ቀለበቱን አወለቀና ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠረልኝ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሽ። ከመሸ በቅሎ አይሰጡም» አለኝ።

ጓደኛዬ ዘይነባ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። የጥር አቧራ አልብሶን ነበርና ነጠላችንን ቁጥቋጦ ላይ ጥለን ፊታችንን ታጠብን። ወሬያችን አያልቅም። ስንለያይ ነጠላዬን አነሳሁና መንገዱን ሙሉ ቋጠሮውን በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ። አለ። ልቤ ሞላ።

አባባ በርጋ ደጃቸው ተቀምጠዋል።

«ምልክትሽስ?» አሉኝ።

ቋጠሮውን ስፈታው የሽምብራ ቆሎ መሬት ላይ ተበተነ። የዘይነባን ነጠላ ነው ለካ የለበስኩት። ሽማግሌው አንዷን አንስተው ቆረጠሙ።

«ጥሩ ተቆልቷል። አባትሽን ግን አይመስልም።»

«እኔ እመስለዋለሁ፣ አባባ። አፍንጫዬን አያዩም?»

«በቅሎዬን የወሰደውም አፍንጫ ነበረው።»

ባለቤታቸው ከውስጥ ሲስቁ ሰማሁ። እኔ ግን አስካለ በእግሯ ስትወጣ ታየኝና እያለቀስኩ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ዘይነባ ከወዲያ በኩል እየሮጠች ስትመጣ ተገናኘን። ቆሎዋን ልትበላ ቋጠሮውን ስትፈታ ቀለበቱን አግኝታ ነበር።

«አንቺ፣ ለእፍኝ ቆሎ ቀለበት ትለውጪኛለሽ?» አለችኝ እያለከለከች።

አብረን ስንመለስ ፀሐይዋ የእንሰቱ ጫፍ ላይ ነበረች። አባባ በርጋ ቀለበቱን አገላብጠው አዩት። «ይኸ አባትሽ ነው» ብለው ገመዱን አስጨበጡኝ። «ባለ ቆሎዋስ?» ሲሉ ዘይነባ አንገቷን ደፋች። «አንቺ ደግሞ ኮርቻውን ያዥላት።»

አስካለ በማግስቱ በበቅሎ ወጣች። ቀና ብላ ስትሄድ አሁንም ይታየኛል።

ይህን ስነግራት ሳሮን በራሷ ስም ቲኬት አውጥታ ሥራዋ ውስጥ ገብታለች።

«ሶ፣ እማማ፣ ያኔ ኬሊስት ቢኖርሽ ኖሮ?»

«ነበረኝ እኮ። ቋጠሮ ለመፍታት ሁለት ጣት መች አነሰኝ?»

ሰው የያዘውን ዳብሶ ብቻ ይረካል። እኔም ወደ ቤቴ ልመለስ አውቶቡሱ ጋ ስቆም ቦርሳዬን በላዩ ዳበስኩና የአውቶቡስ ካርዴ አለ አልኩ። ከዚያ ግን ከፍቼ አየሁት። የኔው ነበር።